በቁጥር የሚመጣው እንግዳ

ሽቦ ነው የሚሉት። እናቱ ያወጣችለት ስም ሌላ ነው፤ ግን እሷ ካረፈች ወዲህ በዚያ ስም የሚጠራው ታላቅ እህቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትናደድ ነው። ሰው ሲያየው ሽቦ ያሉት ቀጭን ስለሆነ ይመስለዋል። ለነገሩ ቀጭንም ነው። ስሙ የወጣለት ግን ከኪሱ ነው። ኪሱ ቢበረበር አንድ ቻርጀር፣ አንድ የተጠቀለለ ገመድ፣ አንድ ጫፉ የተላጠ ሽቦ አይጠፋበትም።

የሚሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ሁለት ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ በርጩማ። ሰው ይገባል፣ ወረቀቱን ይሰጣል፣ "ከፊትና ከኋላ" ይላል፣ ይዞ ይወጣል። ሽቦ አንዳንድ ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ ያስበዋል፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ያወራው ነገር "ከፊትና ከኋላ" ብቻ ሆኖ ያገኘዋል። ቤቱ ገብቶም የሚያወራው የለም። አላገባም። ለምን እንዳላገባ የሚጠይቀውም ሰው እየቀረ መጥቷል።

ያለው ነገር ማኅበሩ ነው። የእግር ጉዞ ማኅበር ነው፤ የሰፈሩ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ተሰባስቦ የሚራመድበት። ድሮ መንገዱን ሞልተው ነበር የሚሄዱት፤ መኪና ጡሩምባ እየነፋ ነበር የሚያልፋቸው። አንዱ ስለ ደም ግፊቱ፣ አንዷ ስለ ምራቷ፣ አንዱ ስለ ኳስ እያወራ ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። ሽቦ ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ካሜራ ይዞ። ፎቶ ያነሳል፣ ሰኞ የማኅበሩ ድረ ገጽ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ ሁሉ ፎቶ ውስጥ ግን እሱ ያለበት አንድም የለም። የሚያነሳ ሰው ለራሱ አይታይም።

ድረ ገጹንም የሠራው እሱ ነው። ያለው የማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠች አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነባት፣ ስክሪን የሌላት፣ ግንባሯ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ያለቻት። ሰርቨር ማለት እሷ ናት፤ ሌላ ተአምር የለውም፤ ሰው ፎቶ ሲጠይቃት አውጥታ የምትሰጥ ማሽን። ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር ውስጧ እንደሚያንኮራፋ ሰው ኩርፍፍ ይልና መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች።

ከዚያ የስልክ ግሩፕ የሚባል ነገር መጣ። መንገዱ፣ መሰብሰቢያው፣ ቀልዱ ሁሉ በስልክ መጻጻፍ ሆነ። ድረ ገጹን የሚያስታውሰው ጠፋ። ቀጥሎ ደግሞ መራመዱ ራሱ ጠፋ። አንዱን ጉልበቱ ያዘው፣ አንዷ ሰፈር ቀየረች፣ አንዱ "በሚቀጥለው ቅዳሜ" እያለ በዚያው ቀረ። ግሩፑ ላይ ግን ሁሉም አለ፤ በየጠዋቱ የአበባ ስዕል ይላላካል። በመጨረሻ የሚራመዱት ሽቦና የማኅበሩ ሊቀመንበር ብቻ ሆኑ። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ሲስተር ነው ሁሉም የሚላቸው። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ወደቁና ዳሌያቸውን ታመሙ። ቀረ ሽቦ።

እሱ አላቆመም። ቅዳሜ ጠዋት ካሜራውን ይዞ ብቻውን ይወጣል። ድልድዩን ያነሳል፣ አግዳሚ ወንበሩን ያነሳል፣ ደረጃውን ያነሳል። ሰኞ "የማኅበሩ የዚህ ሳምንት ጉዞ" ብሎ ይለጥፋል።

"ብቻውን የሮጠ የሚቀድመው የለም አሉ" ትለዋለች እህቱ በስልክ። "አንተማ ዋንጫህን ውሰድ።"

"እየተራመድኩ ነው እንጂ አልሮጥኩም።"

"እሱማ ብትሮጥ ደህና ነበር። የሚያሯሩጥህ ሰው አለ ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።"

ታዲያ አንድ ቀን ሲስተር ደወሉ።

"ሽቦ ልጄ፣ ያቺን ሳጥንህን አንሳልኝ። አዳራሹን ለልብስ ስፌት ትምህርት ሰጥተነዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ ቀለም ቀቢዎች ይገባሉ፤ ቁም ሳጥኑም ይፈለጋል።"

"ሲስተር፣ እሷ እኮ ሳጥን አይደለችም። ድረ ገጹ ናት።"

"ድረ ገጹን ማን ያየዋል?"

"ሰው ያያል" አለ ሽቦ።

"ማ?"

"ሰው ነዋ።"

ሲስተር ተነፈሱ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ደክሟቸው ነው። "እንግዲያው ለዚያ ሰው ሌላ ቤት ፈልግለት" አሉ።

ቤት ፈለገ። ሩቅ ያለ፣ በኪራይ የሚሰጥ አዲስ ሰርቨር አገኘ፤ እሱም ሊኑክስ ነው፣ ግን በዓይን አይታይም፣ በእጅ አይነካም። ሽቦ የምሳ ሰዓቱን አዳራሹ ውስጥ ቁም ሳጥኑ ሥር ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ማጋዝ ጀመረ። የድሮዎቹን ፎቶዎች ጫነ፤ መንገዱን የሞሉትን፣ የሚስቁትን። ከዚያ ባዶዎቹን ጫነ። ባዶዎቹ ብዙ ነበሩ። በየመሀሉ እየከፈተ ያያል፣ ያልተበላሸ መሆኑን ያረጋግጣል፣ ሌላውን ይልካል። የቤት ዕቃ እንደሚያግዝ ሰው ወገቡን ያመው ነበር፣ ምንም ሳያነሳ።

መጨረሻ ላይ የቀረው ስሙ ነው። ሰው ድረ ገጽ ሲከፍት ስም ይጽፋል፤ ከስሙ ጀርባ ግን ቁጥር አለ፤ ማሽን የሚገባው ቁጥሩ ነው። ሽቦ ስሙን ከአሮጊቷ ማሽን ቁጥር ፈትቶ ከአዲሱ ቁጥር ጋር አሰረው። ከዚያ ወዲያ ስሙን የሚጽፍ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል። አሮጊቷ ጋ የሚመጣ አይኖርም። ጥቂት ቀን ጠብቆ መንቀል ብቻ ነው።

በምሳ ሰዓት ሊሰናበታት መጣ። እንዲያው እብደት ነው፤ ማሽን አይሰናበቱም። ግን መጣ። ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ዳቦውን ገምጦ እያኘከ ሳለ አሮጊቷ ኩርፍፍ አለችና መብራቷ ብልጭ አለች። ቆመች። እንደገና ብልጭ አለች።

ማኘኩን ተወ።

መጀመሪያ የመጣለት ሌባ ነው። በየኢንተርኔቱ እየዞሩ በር የሚሞክሩ ማሽኖች አሉ፤ ፓስዎርድ ይገምታሉ፣ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ላፕቶፑን ከፍቶ አየ። ሌባ አልነበረም። አንድ ሰው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ፣ በባዶ ቁጥሩ ገብቶ ፎቶ እያየ ነው። አንዱን ይከፍታል፣ ይቆያል፣ ሌላውን ይከፍታል። ያለፈውን ቅዳሜ አየ፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አየ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ሻይ የሚጠጣ ሰው ያህል ቆየ። ሌባ ፎቶ አያይም።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ።

"ሰው አለ" አላት ለእህቱ።

"የት?"

"ድረ ገጹ ላይ። በየቀኑ ይመጣል። ፎቶዎቼን ያያል።"

"ሴት ናት?"

"ምን አውቄ።"

"እንግዲህ ማሽን ሆኖ እንዳይሆን። ዕድልህን ስለማውቀው ነው።"

ሳቀ። ስልኩን ከዘጋው በኋላ ግን አልሳቀም። ሰኞ ሶኬቱ ሲነቀል ያ ሰው እንደ ልማዱ ቁጥሩን ጽፎ ይመጣል፤ በሩ ዝግ ነው። የት ሄዳችሁ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ሽቦም ማን እንደነበር ሳያውቅ ይቀራል። የዚያ ሁሉ ቅዳሜ አንድ ተመልካቹ እንደመጣ ይሄዳል።

ስለዚህ ጽሑፍ ጻፈለት። አሮጊቷ ላይ ብቻ ነው የለጠፈው፤ ከዚያ ሰው በቀር የሚያየው አይኖርም። "ማን እንደሆኑ አላውቅም" ብሎ ጀመረና ሰረዘው። "ውድ ተመልካች" አለና እንደ ማስታወቂያ ሆነበት። መጨረሻ ላይ፣ "ይህ ቤት ሊዘጋ ነው። አዲሱ አድራሻ ከታች አለ። እባክዎ ይደውሉልኝ፤ ስልኬ ይኸውና" ብሎ ተወው። ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር ከጻፈ ብዙ ዘመኑ ነው።

በምሳ ሰዓት መብራቷ ብልጭ አለች። እንግዳው ገባ፤ ጽሑፉ ያለበትን ገጽ አለፈው፤ በቀጥታ ፎቶ ላይ ሄደ። አየ፣ ቆየ፣ ወጣ። ስልኩ አልጮኸም።

በማግስቱም እንደዚያው። አየኝና አለፈኝ አለ ሽቦ በልቡ። ሆድ ባሰው። ፎቶ ኮፒ ቤት ተመልሶ የአንድ ሰውዬ መታወቂያ ገልብጦ ኮፒ አደረገበት፤ ሰውዬው ሲቆጣው እንኳ አልሰማውም።

አርብ ከሰዓት ነው። አንዲት ሴትዮ ወረቀት ይዛ መጥታ፣ "ወንድሜ፣ መነጽሬን ረስቼው ነው፣ ምን ይላል እስቲ?" አለችው። አነበበላት። እያነበበላት ሳለ አፉ ዝም አለ። "ቀጥል እንጂ" አለችው። ቀጠለ፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

*ሽቦ፣ ምን ይላል ያ?*

በጆሮው ያቃጨለው የሾፌሩ የድሮ ድምፅ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ሾፌሩ ይሏቸው ነበር። ማኅበሩን ከፊት የሚመሩት እሳቸው፣ ከኋላ የሚቀረው ሽቦ። ሁሉም ሲሄድ ቆመው የሚጠብቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። "ጭራዬ ሳይሞላ አልነሳም" ይሉ ነበር፣ አውቶቡስ ላይ እንዳሉ። መንገድ ላይ ሰሌዳ ባዩ ቁጥር "ሽቦ፣ ምን ይላል ያ?" ይሉታል። ሽቦ የሚፈትኑት እየመሰለው እየሳቀ ያነብላቸው ነበር። ሻይ ቤት ሲገቡ የምግብ ዝርዝሩን ሳያዩ "አንተ ያዘዝከውን" ይላሉ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የድረ ገጹ ስም ተበላሽቶ ሰንብቶ ነበር። ያኔ ሽቦ ለሾፌሩ ቁጥሩን በቃል ነገራቸው፤ እሳቸውም ስልካቸው ላይ ቁጥር በቁጥር መቱት። ስሙ ከተስተካከለ በኋላ፣ "ስሙን ልጻፍልዎት ጋሼ?" ሲላቸው፣ "ተወው። ስም ይጠፋኛል። ቁጥር ግን በሕይወቴ ጠፍቶብኝ አያውቅም" አሉት። የነዱትን አውቶቡስ ታርጋ ሁሉ፣ የጓደኞቻቸውን ሁሉ፣ በቃላቸው ይሉት ነበር።

ከዚያ ግሩፑ መጣ። አንድ ቅዳሜ መሰብሰቢያው ተቀየረ፤ በግሩፑ ተጻፈ። ሾፌሩ ድሮ የሚሰበሰቡበት ፌርማታ ላይ ብቻቸውን ቆመው ዋሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲስተር፣ "ጽፈን የለ እንዴ፣ አላዩትም?" አሏቸው። "አላየሁትም" አሉ፤ ሳቁ። ከዚያ በኋላ የውሃ ሽታ ሆኑ። ልጃቸው ጋ ሄደዋል ተባለ። ሽቦ አንዴ ደውሎ ነበር፤ ስልኩ አይሠራም። ሁለተኛ አልሞከረም።

ፊደል አያውቁም ነበር። ያ ሁሉ ሰው አብሯቸው ሲሄድ፣ ሲስቅ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ማንም አላወቀም። ሽቦ የመሰለ አንባቢ ከጎናቸው ይዘው ነበርና እንዴት ይታወቅ። እሱ ደግሞ አሁን ጽሑፍ ለጠፈላቸው።

ሴትዮዋ ወረቀቷን ተቀብላ ሄደች። ሽቦ በሩን መለስ አደረገው።

ትልቅ ወረቀት አወጣ። በወፍራም ማርከር የአዲሱን ሰርቨር ቁጥር ጻፈ፤ ከሥሩ የስልክ ቀፎ ሥሎ የራሱን ቁጥር ጻፈ። አንዲት ፊደል የለበትም። ከዚያ ችግሩ መጣ፤ ወረቀቱን ብቻ ፎቶ ቢያነሳው ማን እንደላከው አይታወቅም። እሱን ከነወረቀቱ የሚያነሳው ሰው ደግሞ የለም። ስልኩን የቀለም ካርቶን ላይ አስደግፎ፣ በራሱ እንዲያነሳ አድርጎ፣ ሮጦ ማሽኑ ፊት ቆመ። በመጀመሪያው አገጩ ብቻ ወጣ። በሁለተኛው ዓይኑን ጨፍኗል። በመጨረሻው ደህና ወጣ። ወረቀቱን ደረቱ ላይ ይዞ የቆመ ቀጭን ሰውዬ፤ ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። እንደ ሌላ ሰው አድርጎ አየው ራሱን። እንዲህ መሆኑን አያውቅም ነበር።

ከፎቶዎቹ ሁሉ ፊት አደረገው። ሌላም አንድ ሥራ ነበር፤ አዲሱ ሰርቨር በቁጥር ለሚመጣ ሰው ባዶ ገጽ ነበር የሚያሳየው። እሱን አስተካከለ። በስምም ይምጣ፣ በቁጥርም ይምጣ፣ ያው በር እንዲከፈት።

ቅዳሜና እሁድ መብራቷ ብልጭ ሳትል ዋለች። ሽቦ ቅዳሜ አልተራመደም፤ አዳራሹ ውስጥ ነበር።

ሰኞ ቀለም ቀቢዎቹ ገቡ። ወለሉን ላስቲክ አለበሱት፣ መሰላል አቆሙ። ሽቦ ከሥራ አስፈቅዶ ቁም ሳጥኑ ሥር ተቀምጧል።

"ወንድሜ፣ ይቺን ልንቀላት?" አለው ቀለም ቀቢው።

"ትንሽ ጠብቀኝ።"

"ምን እየጠበቅክ ነው?"

"ሰው።"

ቀለም ቀቢው ባዶውን አዳራሽ ዞር ዞር ብሎ አየ። "እሺ፣ በዚያኛው ግድግዳ ልጀምርልህ" አለና ሄደ። ጥሩ ሰው ነበር።

የምሳ ሰዓት ሆነ። የቀለሙ ሽታ ያፍናል። አሮጊቷ ኩርፍፍ አለች፤ መብራቷ ብልጭ አለች። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ዝም። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ቆመ፣ ቆመ፣ ቆመ። ሽቦ መብራቷ ላይ አፈጠጠ።

ስልኩ ጮኸ።

"ሽቦ" አለ ድምፁ። ሸምግሏል፣ ግን ያው ነው። "ከስተሃል።"

"ጋሼ።"

"ድሮስ ምን ሥጋ ነበረህ። ለመሆኑ ሰዉ ሁሉ የት ገባ? መጀመሪያ ብዙ ነበራችሁ፤ እየቀነሳችሁ እየቀነሳችሁ መጣችሁ፤ በኋላ ድልድይና ወንበር ብቻ ሆነ። አልቀዋል እንዴ ብዬ ፈርቼ ነበር።"

"አላለቁም ጋሼ። አሉ። መራመዱን ነው የተዉት።"

"ሲስተርስ?"

"ዳሌያቸውን አሟቸው ነው።"

ሽቦ፣ ያን ቀን ፌርማታው ላይ፣ ብሎ ሊጀምር ነበር፤ ተወው። "ለምን አልደወሉም?" አለ በምትኩ።

"ምን ብዬ?" አሉ ሾፌሩ። ቀለል አድርገው ነው ያሉት። "እኔም እግሬ እምቢ ብሏል። ልጄ ቤት ነኝ፣ ፎቅ ላይ። ሁሉም ሥራ ሲሄድ ካንተ ጋር ዞር ዞር እላለሁ። ያቺ ከድልድዩ ወዲያ ያለች ወንበር ቀለም ቀቧት አይደል?"

"ቀቧት።"

"አላማረባትም።"

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ሰው እንኳ የሌለበትን ፎቶ ምን ብለው ያዩታል?"

"አንተ አለህ አይደል? ሰው የሌለበትን ፎቶ ታዲያ ማን አነሳው?"

ሽቦ ፊቱን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞረ፤ ቀለም ቀቢው እንዳያየው።

"አዲሱን ቁጥር ያዙት ጋሼ?"

ሾፌሩ እንደ ታርጋ እያነበነቡ አንድ ሳይስቱ አሉለት። ከዚያ፣ "እኔ ስገባ ይታይሃል?" ብለው ጠየቁ።

"ድሮ በመብራቷ ይታየኝ ነበር። አዲሷ ሩቅ ናት፤ መብራቷን አላየውም።"

"እንግዲያው ስገባ አንዴ እደውልና እዘጋዋለሁ። አታንሳው። ገባሁ ማለት ነው። ቅዳሜ ደግሞ በወንዙ በኩል ሂድ፤ እሱን ካየሁት ቆየሁ።"

ስልኩ ተዘጋ። ሽቦ ቀለም ቀቢውን ጠራው። ሶኬቱን የነቀለው ግን ራሱ ነው። አረንጓዴዋ መብራት ወዲያው አልጠፋችም፤ እየደበዘዘች፣ እየደበዘዘች ነው የጠፋችው።

ቅዳሜ በወንዙ በኩል ሄደ። እንደ ልማዱ ብቻውን ነው፤ እንደ ልማዱ የሚያወራው የለም። ሰሌዳ ባየ ቁጥር ግን ቆም ይልና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነበዋል።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አንድ ተማሪ ወረቀት ይዞ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ አንድ ጊዜ ጮኸና ተቋረጠ።

"አታነሳውም?" አለው ተማሪው።

"አይነሳም" አለ ሽቦ። ወረቀቱን ተቀበለው። "ከፊትና ከኋላ ነው?"